ጉልበት በምን ይመዘን?

በነጭ ዓባይ ዳርቻ በምትገኘው በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ፣ ሕዝብን በብዛት ከሚስቡት ውድድሮች አንዱ የባህል ትግል ነው። ከከተማዪቱ በስተሰሜን ከተረከካ አካባቢ የሚመጡ የሙንዳሪ ወጣቶችና የቦር ዲንካ ወጣቶች በስታዲየም ተገናኝተው ጉልበታቸውን ይፈታተናሉ። ተጋጣሚውን መሬት ላይ የጣለ ያሸንፋል፤ ደጋፊዎቹም በከበሮና በዘፈን ያጅቡታል። ተመልካች የሚያየው ግን የአንዲት አፍታ ውጤት ነው። ከዚያች አፍታ በስተኋላ ያለውን የዓመታት ልምምድ አያይም።

የብዙ ወጣቶች ስሕተት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ባልንጀራው 60 ኪሎ ግራም ሲያነሣ ያየ ወጣት፣ እርሱ 40 ብቻ በማንሣቱ ያፍራል። በማግሥቱ ከዓቅሙ በላይ ተሸክሞ ወገቡን ይጎዳል፤ አለዚያም ተስፋ ቆርጦ ልምምዱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ጡንቻን ቶሎ ያሳድጋሉ ወደሚባሉ መድኃኒቶች የሚሮጥም አይጠፋም፤ እነዚህ ግን ልብንና ጉበትን ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ ጉዳት የሚመነጨው ከጉልበት ማነስ ሳይሆን ከሚዛን መሳት ነው።

የሰውነት እድገት የራሱ ሥርዓት አለው። ክብደት ማንሣት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጣን ለውጥ ያያል። ይህም በአብዛኛው ጡንቻው ስለ ገዘፈ ሳይሆን፣ ነርቮቹ ያለውን ጡንቻ በሚገባ ማዘዝ ስለ ተማሩ ነው። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ራሱ በምግብ፣ በዕረፍትና በእንቅልፍ እየታገዘ በዝግታ ያድጋል። ስለዚህ ለውጡ ሲዘገይ ልምምዱ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። እንደዚሁም የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። በየካቲት ወር ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚበልጥባት በጁባ፣ በቀትር የሚለማመድ ሰው በማለዳ ያነሣውን ክብደት ማንሣት ቢያቅተው ደከመ አይባልም። ልምምዱን በየጊዜው በደብተር የሚመዘግብ ሰው ግን ዛሬን ከትናንት ብቻ ሳይሆን ከመንፈቅና ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ለማነጻጸር ይችላል።

በርግጥ ፉክክር ሰውን ያበረታል የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም እውነትነት አለው። የጁባ ታጋዮችም ያለ ተጋጣሚ ባልበረቱ ነበር። ይሁንና ፉክክር የሚያሳየው ሰው በአንድ ቀን የቆመበትን ስፍራ እንጂ፣ ከየት ተነሥቶ ምን ያህል እንደ ተጓዘ አይደለም።

ከራስ ትናንት ጋር መወዳደርም ቢሆን ማስተዋልን ይጠይቃል። ለዚህ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ፣ ይህንን ድል ሁለት ጊዜ የተቀዳጀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1969 ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ራሱን በትናንቱ ሯጭ ቢመዝን ኖሮ የሚቀረው ሐዘን ብቻ በሆነ ነበር። እርሱ ግን በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። ያጣውን እየቆጠረ ከመቀመጥ ይልቅ፣ በቀረው ኃይል አዲስ ጉዞ ጀመረ።

እንግዲህ ጉልበቱን የሚያሠለጥን ወጣት ሚዛኑን አስቀድሞ ማስተካከል ይገባዋል። ከባልንጀራው ይማር እንጂ በባልንጀራው አይመዘን፤ በትናንቱ ይበርታ እንጂ የትናንቱ እስረኛ አይሁን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለስንፍና የተነገረ ማመካኛ አይደለም። እንቁላሉም ቢሆን የሚፈለፈለው በየዕለቱ የሚታቀፈው ሲኖር ነውና።