የዓባይ ጎብኚ ፏፏቴ ጠማው

አንድ ብር ወረቀት በነበረበት ዘመን ጢስ ዓባይ በሁላችንም ኪስ ውስጥ ነበር። ኖቱን ገልበጥ ሲያደርጉት ፏፏቴው ይታያል። ኋላ አንድ ብር ሳንቲም ሆነና ሥዕሉ ቀረ። ሥዕሉስ ይቅር፤ ለመሆኑ ውሃው ራሱ ወዴት ሄደ?

አንባቢ ሆይ፣ ባሕር ለሌላት አገራችን የጣና ዳርቻ ባሕሯ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የተነሣ ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ዘጌ ይደርሳል። በቡናው ጥላ ሥር ሽቅብ ሲወጣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል በሥዕል ነው። ወንድ ከሆነ ሲመለስ ክብራን ገብርኤልን ይሳለማል፤ ሴት እዚያ አትገባም። በማግሥቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአላታ ድልድይ ተሻግሮ ጢስ ዓባይ ፊት ይቆማል። ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ወርዱ 400 ሜትር ይደርሳል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ የሄድኩት በጥር ነው። ትኬት ቆረጥኩ፣ አስጎብኚ ያዝኩ፣ ዳገቱን ወጥቼ ባይ ጥቁር ገደል! ከአንድ ጥግ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። አስጎብኚው ልጅ ራሱ አፍሮ «ጋሼ፣ መስከረም ላይ ቢመጡ ኖሮ» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ? ውሃውን የያዘው እሱ አይደለም።

በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ ወደ ተርባይን ገባ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ይሄኛው ውሃውን ከሐይቁ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሰደዋል። ያ ውሃ በጢስ ዓባይ ደጅ አያልፍም።

መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጎብኚ የሚመጣው መቼ ነው? ለገና፣ ለጥምቀት፣ ዳያስፖራውም ፈረንጁም በታኅሣሥና በጥር ነው። ውሃው የሚጠፋው መቼ ነው? ልክ በዚያው ወራት! ታዲያ በዚህ መካከል የሚቀጣው ማን ነው? የጢስ ዓባይ ከተማ አስጎብኚ፣ ጎብኚን የሚያሻግረው ባለጀልባና ነጠላ ዘርግታ የምትሸጠው እናት ናቸው። ብርሃኑ ለአገር ሁሉ ሲዳረስ ኪሳራው ለአንዲት ከተማ ብቻ ተመደበ። በላዩ ላይ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት የቀረውንም እንግዳ አሸሸባቸው።

በሰሜኑ ዳርቻ፣ በጎርጎራ፣ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ያማረ ሪዞርት ተሠርቷል። እሰየው! ግን እንግዳ አልጋ ፍለጋ ብቻ አገር አያቋርጥም። የሚመጣው ውሃውን፣ ገዳሙንና ደሴቱን ብሎ ነው። ለማረፊያው ያን ያህል ገንዘብ ከተገኘ፣ ለሚታየው ነገር ጥቂት ውሃ እንዴት ይታጣል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ በእሑድ እሑድም፣ ለፏፏቴው ድርሻው ይለቀቅለት። ውሃ የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት በግልጽ ተጽፎ በትኬት መቁረጫው መስኮት ይለጠፍ። ከኤሌክትሪኩ ገቢ ጥቂቱ ለጢስ ዓባይ ከተማ ይከፈል፤ ልመና ሳይሆን ካሣ ነው። ይህ ሁሉ አይቻልም ከተባለም፣ ቢያንስ ውሃው ሲቀንስ የትኬቱም ዋጋ አብሮ ይቀንስ።