ማስታገሻው ሲያሳርፍ ብግነቱ አይጠፋም፦ የአስም ሕክምና አቅጣጫ ለውጥና አንድምታው

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ባካሄደው 78ኛ ስብሰባው የሳንባ ጤና በተቀናጀ አሠራር እንዲመራ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። በዚያው ወር የታሰበው የዓለም የአስም ቀንም በመተንፈስ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆኑ የሚያሳስብ ነበር። ሁለቱም የሚጠቁሙት ጉዳይ አንድ ነው። አስምን ለመቆጣጠር የሚያስችለው ዕውቀት በእጅ አለ፤ የጎደለው ለሕሙማን መድረሱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 262 ሚሊዮን ሰዎች ከአስም ጋር ይኖሩ የነበረ ሲሆን፣ 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ ሕመም ሕይወታቸውን አጥተዋል። አብዛኛው ሞት የተመዘገበውም ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ለውጡን ለመረዳት የሕመሙን አካሄድ ማወቅ ይገባል። በአለርጂ ሳቢያ በሚከሰት አስም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የአቧራን ወይም የአበባ ብናኝን እንደ ጠላት ይቆጥራል። በዚህም የተነሣ ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎች ይለቀቃሉ፤ የአየር ቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታም ይበዛል። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ብግነቱን ግን አያክመውም። ስለዚህ ታማሚው እፎይ ባለበት ሰዓት እንኳ ቧንቧው እንደተቆጣ ሊቆይና ቀጣዩ ጥቃት ሊከብድ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ (ጂና) እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን ማዘዝ እንደማይመክር ያሳወቀው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ሰፊ ጥናት ቀላል አስም ያለባቸው ሕሙማን ሕመሙ ሲሰማቸው ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል የተቀላቀሉበትን መድኃኒት ሲወስዱ፣ ፈጣን ማስታገሻ ብቻ ከወሰዱት አንጻር ከባድ ጥቃት ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

በዚህ የምርምር ታሪክ ውስጥ አገራችን የራሷ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመውና በጅማ ከተማና አካባቢዋ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት፣ የአስም ምልክት በከተማ ከገጠር ይልቅ እንደሚበዛ አሳይቷል። በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ የሁክዎርም ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች የሲርሲርታ ምልክት ያነሰ እንደሚታይባቸው አመለከተ። ይሁንና ከዚህ በመነሣት በእንግሊዝ አገር አስም ላለባቸው ሰዎች ትሉን ሆን ብሎ በመስጠት የተደረገው ሙከራ ግልጽ መሻሻል አላስገኘም። ሁክዎርም ደም ማነስ የሚያስከትል በመሆኑ ትል የማስወገድ ሕክምናን በአስም ምክንያት ማስቀረት አይገባም።

የእነዚህ ግኝቶች ፋይዳ የሚለካው በሕሙማን ደጃፍ ነው። የሚተነፈስ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል የሚለው በኅብረተሰቡ ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብ ብዙዎችን ከትክክለኛው ሕክምና ያርቃል፤ መድኃኒቱ ግን ሱስ አያስይዝም። በሚተነፈስ መልክ ሲሰጥ በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚደርስ የሚያስፈልገው መጠን ከክኒን እጅግ ያነሰ ነው። የዋጋና የአቅርቦት ጥያቄም በምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች በጤና ጣቢያ ደረጃ ሳይቆራረጡ መገኘት ይኖርባቸዋል። በማገዶ ጭስ የሚሞላ ማጀትም የአየር ቧንቧን የሚያስቆጣ በመሆኑ ጭስ መውጫ ማበጀት የሕክምናው አጋዥ ነው።

ስለሆነም ማስታገሻ ብቻ የሚጠቀሙ፣ በተለይም በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያስፈልጋቸው ወይም ሌሊት በሳል የሚነቁ ወገኖች፣ መድኃኒታቸውን በራሳቸው ሳያቋርጡ ወደ ጤና ተቋም በመሄድ ስለ ፀረ ብግነት ሕክምና እንዲጠይቁ ይመከራል። ከማስታገሻው በኋላም ትንፋሽ ካልተመለሰ፣ ለመናገር ካስቸገረ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ማምራት ያስፈልጋል።