ድንኳን ከመትከል በፊት



በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ የቤት ዋጋ ሲከብዳቸው ከካሊፎርኒያ ወደ ቴክሳስ ይዛወራሉ። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይወስድም፤ ነገር ግን የቤትና የመሬት ግብሩ ከባድ ነውና፥ ቤት የሚገዛ ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ያስላ። ልጆችም በሕዝብ ትምህርት ቤት የሚመደቡት አብዛኛውን ጊዜ በመኖሪያቸው አድራሻ ስለ ሆነ፥ ሠፈርን የመረጠ ትምህርት ቤትንም መረጠ።

ከዚህም ጋር በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 የተጻፈውን እናስታውስ። ሎጥ የዮርዳኖስን ሜዳ ልምላሜ አይቶ መረጠ፤ ስለ ሰዎቹ ጠባይ መጠየቁ ግን አልተጻፈም። አብራም በኬብሮን በተቀመጠ ጊዜ መሠዊያ ሠራ።

እንግዲህ ባልና ሚስት ተማክራችሁ፥ በዳላስ ዙሪያ ካሉት ከጋርላንድ፥ ከፕሌኖ ወይም ከፍሪስኮ አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት፥ ከምታስቡት ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ እሑድ በማለዳ ሂዱበት። ልጆች ከቅዳሴ የሚርቁት በአንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ማርፈድ ይመጣል፥ ቀጥሎ በበዓል ብቻ መሄድ፥ በመጨረሻም መቅረት። የተሳሳተ ቤት ተሽጦ ይለወጣል፤ ያለፈ የልጅነት ዘመን ግን አይመለስም።