መፋቂያው፣ ብሩሹና የእናታችን ቀኝ እጅ



በቅርቡ ገርጂ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር፡፡ የቤቱ ሴት ልጅ ከአሜሪካ ለእናቷ በሰው እጅ የላከችው ሻንጣ በዚያው ዕለት ከቦሌ ኤርፖርት ደርሶ ይከፈታል፡፡ ከሻሹ፣ ከሽቶውና ከመድኃኒቱ መሐል አንድ የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ወጣ፡፡ ታላቅ ወንድሟ አገላብጦ አየውና «ጥርስ ለመፋቅም መብራት ያስፈልገናል ማለት ነው? መብራት የጠፋ ቀን ምን ልንሆን ነው?» አለ፡፡ ሁላችንም ሳቅን፡፡

እናትየው ግን አልሳቁም፡፡ ቀኝ እጃቸውን ስትሮክ ከያዘው ሁለት ዓመት አልፎታል፡፡ ዕድሜ ልካቸውን ለውዱእ ሲነሡ ከእጃቸው የማይለየውን የወይራ መፋቂያ ዛሬ ጨብጠው ማንቀሳቀስ አይችሉም፤ በግራ እጃቸው ሲሞክሩት ደግሞ ድዳቸው ይደማል፡፡ «በስልክ ስትጠይቀኝ ነግሬያት ነው» አሉ ቀስ ብለው፡፡ «ተራዊሕ መሄድ ለምን የተውኩ ይመስላችኋል? እግሬ እምቢ ብሎኝ አይደለም፡፡ ከጎኔ የምትቆመውን ሴት በአፌ ጠረን እንዳላስቸግራት ብዬ ነው፡፡» ልጃቸው አንገቱን ደፋ፡፡ እኛም በሳቃችን አፈርን፡፡

ልጁ ጥፋቱን ለመካስ ተነሣና ቻርጀሩን በአዳፕተር ሰካው፡፡ ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፡፡ ቻርጀሩ ለ120 ቮልት የተሠራ ነበርና የኛን 220 ቮልት አልቻለም፡፡ ስለ ቮልት በጥቁር ሰሌዳ የምናስተምር ሰዎች እዚያው ተቀምጠን ሳለ ከቻርጀሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሳናነብ መቅረታችን እስካሁን ያሳፍረናል፡፡ የዚህ ወር ዓምዳችንን ለዚህ ጉዳይ ያደረግነው ሌላው ቤተሰብ ይህንኑ እንዳይደግመው ነው፡፡

በቅድሚያ ከዲናችን እንነሣ፡፡ አንዳንድ ወጣቶች ብሩሽ ሱናን ያስጥላል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ መፋቂያን የገጠር ነገር አድርገው ያፍሩበታል፡፡ ሁለቱም አልተስተካከሉም፡፡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኡማቸው ላይ የሚከብድ ባይሆን ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክን ያዝዙ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፡፡ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ነወዊ እንዳብራሩት ደግሞ፣ በላጩ የአራክ እንጨት ቢሆንም፣ ሻካራ ሆኖ የአፍን ቆሻሻና ጠረን የሚያስወግድ ነገር ሁሉ ሱናውን ያስገኛል፡፡ ስለዚህ ሶማሌ ወንድሞቻችን ዓዳይ የሚሉት አራክም ሆነ በየመንገዱ ዳር ልጆች ታቅፈው የሚሸጡት ወይራ፣ ልምጭና ክትክታ ቦታው እንደተጠበቀ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 እ.ኤ.አ. መፋቂያን መጠቀም ይበረታታ ዘንድ ምክር ሰጥቷል፡፡

ብሩሽን በተመለከተ ወላጆቻችን ቀድሞ «ከዓሣማ ፀጉር ነው» እያሉ ይጠራጠሩ ነበር፡፡ ጥርጣሬያቸው መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ የጥንቱ ብሩሽ በእርግጥም ከከርከሮና ከዓሣማ ፀጉር ይሠራ ነበር፡፡ የናይለን ብሩሽ ገበያ ላይ የዋለው በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በየሱቁ የምናየው አብዛኛው ናይለን ነው፡፡ «የተፈጥሮ ፀጉር» የሚል ከተጻፈበት ግን የምን እንስሳ እንደሆነ ጠይቆ መግዛት ይገባል፡፡

የኤሌክትሪኩ ብሩሽ ታሪክ ደግሞ ለነዚህ እናታችን ቅርብ ነው፡፡ በ1954 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የተሠራው ብሮክሶደንት በመጀመሪያ የታሰበው እጃቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሕሙማን ነበር፡፡ የቅንጦት ዕቃ የመሰለን ነገር የተጀመረው በድካም ላይ ላሉ ሰዎች ነው ማለት ነው፡፡ ለጤነኛውም ቢሆን ጥቅም አለው፡፡ በ2014 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው ተቋም 56 ጥናቶችን መርምሮ እንዳወጣው፣ ከሦስት ወር በላይ የኤሌክትሪክ ብሩሽ የተጠቀሙ ሰዎች የጥርስ እድፍ በእጅ ብሩሽ ከሚጠቀሙት በ21 ከመቶ፣ የድድ ብግነታቸውም በ11 ከመቶ አንሶ ተገኝቷል፡፡ ልዩነቱ አለ፤ ይሁን እንጂ በእጁ በትጋት ለሚያጸዳ ሰው «ያለዚህ ጥርስህ ያልቃል» የሚያሰኝ አይደለም፡፡

እንግዲህ ለመግዛት የወሰነ ምን ይመልከት?

አንደኛ፣ ቮልቱን፡፡ በቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ካለ አገራችን ላይ ያለ ሥጋት ይሠራል፡፡ «120» ብቻ ከሆነ አይሰካ፤ አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፡፡ ዘመድ ከውጭ ሲልክ ይህን አስቀድሞ መንገር ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ባትሪውን፡፡ አንዴ ተሞልቶ ሁለት ሳምንት ያህል የሚቆይ ከሆነ የመብራት መጥፋት አያሳስብም፡፡

ሦስተኛ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን፡፡ ሰው አጥብቆ ሲጫን መብራት የሚያበራ ወይም ፍጥነቱን የሚቀንስ ብሩሽ ለድድ ይራራል፡፡ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ የሚያስታውስ ሰዓትም ይኑረው፡፡ ክብ ጭንቅላት ያለውና ወዲያና ወዲህ የሚዞረው፣ ወይም በደቂቃ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገበው ዓይነት መሆኑ የምርጫ ጉዳይ ነው፡፡ ስልክ ላይ ለሚገናኘው፣ ቀለም ለሚቀያይረው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ግን ወደ ኢስራፍ ይጠጋል፡፡

አራተኛና ዋነኛው፣ የሚቀየረውን ጭንቅላት፡፡ በየሦስት ወሩ መቀየር አለበት፡፡ ስለዚህ በቦሌም ሆነ በመገናኛ ሱቆች ለዚያ ዓይነት ብሩሽ የሚሆን ጭንቅላት መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት፣ ጎማው የማይገኝ መኪና እንደመግዛት ነው፡፡ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነውን ይምረጡ፡፡ እጀታውን የቤተሰቡ አባላት ቢጋሩት ችግር የለውም፤ ጭንቅላቱ ግን ለየራስ ይሁን፡፡

ልብ እንበል! ብሩሹ ያለ ፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ሥራው ጎደሎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ የሚወስድን ልጅ ጥርስም አያድንም፡፡ እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደጉ ወገኖቻችን ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለምም በልጅነት ከጠጡት ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የመጣ ነው፡፡ እድፍ አይደለምና በምንም ብሩሽ አይለቅም፤ አጥብቆ መፈግፈጉ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፡፡ በረመዳንም ሳሙናው እንዳይዋጥ ብሩሹን ከሱሑር በኋላ ከፈጅር በፊት፣ ማታም ከኢፍጣር በኋላ ማድረጉ ይሻላል፡፡

ወደ እናታችን እንመለስ፡፡ ልጃቸው በማግስቱ ቦሌ ወርዶ ለ220 ቮልት የሚሆን ቻርጀር ያለው ሌላ ብሩሽ፣ ከነመለዋወጫ ጭንቅላቱ ገዛላቸው፡፡ ዋጋው እንደ መፋቂያው በሣንቲም የሚገኝ አልነበረምና ልጁ ያሰበውን ጫማ ለሌላ ጊዜ አስተላልፏል፡፡ መጀመሪያ በግራ እጃቸው ያዙትና መንቀጥቀጡ አስደንግጧቸው ጣሉት፡፡ አሁን የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ከጎናቸው ተቀምጣ፣ የኋላ ጥርሶቻቸው ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ደግፋ ትይዝላቸዋለች፡፡

ይህን ስናይ አንድ ነገር ትዝ አለን፡፡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ሳሉ ዐብዱረሕማን ኢብኑ አቢ በክር ሲዋክ ይዞ ገባ፡፡ ዓይናቸው እርሱ ላይ ማረፉን ያየችው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልትሰጣቸው እንደሆነ ጠይቃ፣ በራሳቸው ሲያመለክቱላት ተቀብላ በጥርሷ አለስልሳ ሰጠቻቸው፡፡ ቡኻሪ ዘግበውታል፡፡ ከዚህ ታሪክ ብዙዎቻችን የምንይዘው የሲዋክን ደረጃ ነው፡፡ ያለሰለሰችውን እጅ ግን እንረሳለን፡፡ በየቤታችን አፋቸውን ሸፍነው የሚናገሩ፣ ከሰው ራቅ ብለው የሚቀመጡ አባትና እናት አሉ፡፡ ሳይጠይቁን እንጠይቃቸው፡፡

እናታችን በመጪው ረመዳን ተራዊሕ እንሄዳለን ብለውናል፤ ኢንሻአላህ፡፡ አላህ (ሱ.ወ) ለወላጆቻችን መልካም ከሚውሉት ያድርገን፡፡ አሚን!