የአሮጌው ሞተር ጉዳይ፤ ይጠገን ወይስ ይፈታ?



እንደምታውቁት ከማኅበራችን ሁለት የጀልባ ሞተሮች አሮጌው፣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበቱ ያማሃ፣ ከቆመ ወር አልፎታል። በየለቅሶው፣ በየቡናው የሚነሣው ወሬ ይኸው ሆኗል። ገሚሱ «ይጠገን» ይላል፤ ገሚሱ «ተፈትቶ መለዋወጫ ይሁን» ይላል። ነገሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት እኛም የሚታየንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ደግ ነው ብለናል።

«ይጠገን» የሚሉትን አባቶች እንረዳቸዋለን። ሞተሩ እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. በፊት፣ ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ ስንት አስከሬን፣ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ጆንያ ቡና አመላልሷል! «ብረት ምን ይሆናል፣ ዕቃ ቀይሮ ማስነሣት ነው» ይላሉ።

ብረት ግን ይበላል። ይኸ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃውን የሚገፋለት አንዲት ትንሽ የጎማ ክንፍ ነች። ክረምት ላይ ደለል ጎማዋን ይፈገፍጋታል፤ የእምቦጭ ሥር ደግሞ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ያኔ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ሲሊንደሩን ይቧጭራል። (ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ሲባል ዘይት ቆጠብኩ ብሎ የሚያሳንስ ነጂ ካለም ያው ነው የሚያደርሰን።)

መካኒኩ ሁለቱን ካንዴላ አውልቆ ኮምፕሬሽኑን ሲለካ ላይኛው ሲሊንደር 115፣ ታችኛው 60 አሳየ። ጥቂት ቢለያዩ ምንም አይደል፤ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን ካንዴላና ካርቡራተር መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው ሲነሣ የታችኛው ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች ተቧጭሮ ተገኘ። ሬቲፊካ ይደረግ እንዳይባል ቀድሞ ሁለት ጊዜ ተደርጓል፤ ፒስተኑ ላይ 0.50 የሚል አለ፤ ከዚያ የሚበልጥ ፒስተን ፈልገን አላገኘንም። አዲስ ካሚቻ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን የባለ ሁለት ምት ሞተር ካሚቻ ጎኑ ላይ ቤንዚኑ የሚገባበትና ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳዎች አሉት፤ ትንሽ ከቦታቸው ቢዛነፉ ሞተሩ ጉልበት አይኖረውም። ቶርኖ ቤቱም ኃላፊነት አልወስድም ብሎናል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሞተር ጠጋግነን ሰው እንጫንበት? የቆመ ዕለት እኮ ጀልባው ላይ ምጥ የያዛት እናት ነበረች። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ደርሶ ጎትቶ ነው ያወጣው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና እንዴት እንደሚሆን ለሐይቅ ዳር ሰው አይነገርም።

ስለዚህ የእኛ ዐሳብ ይፈታ ነው። ግን ግን፣ ይፈታ ስንል ለነጋዴ በጅምላ ይሸጥ ማለታችን አይደለም! የታችኛው እግሩ የማርሽ ዘይት ሲቀዳ ንጹሕ ወጥቷል፤ ውሃ ገብቶበት ቢሆን እንደ ወተት ይነጣ ነበር። ማርሹ፣ ፕሮፔለሩ፣ ካርቡራተሩ፣ የካንዴላ እሳት የሚሰጠው ክፍል፣ ሁሉም ለሁለተኛው ሞተራችን ልክ ነው፤ ዓይነታቸው አንድ ነውና። ነጋዴው ለጠቅላላው የሰጠን ዋጋ እኮ አዲስ እግር ብቻውን አይገዛም። ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ቀን ቆመን እንደምንቀር ደግሞ ታውቃላችሁ። የተበላሸው ብሎክ ለቁራሌው ቢሄድ አይቆጨንም።

አንድ ሞተር ብቻ እንደሚቀረን አንደብቅም። ሌላ እስኪገኝ ድረስ ጀልባው ለሕመምተኛ ካልሆነ ከቀትር በኋላ እንዳይወጣ፣ መቅዘፊያና የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይያዝም እንዳይነሣ እንጠይቃለን። አዲስ መዋጮ ይደረግ አይደረግ የሚለውን ጉባኤው ይነጋገርበት።

የጻፍነውን የተጠራጠረ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ጎራ ይበል። ቴስታታው እንደተነሣ ነው፤ ጭረቱን በጣቱ ዳስሶ ማየት ይችላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ