በሦስት ደቂቃ ጨዋታ የተኳረፉት እጮኛሞች

‹‹አንቺ የመጫወቻ ነገር ታውቂያለሽና በከተማችን የቱ ይሻላል?›› ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ዛሬ ልመልስ ነበር ሐሳቤ። እውነት ነው፣ የሚሽከረከር፣ የሚወዛወዝ፣ የሚወነጨፍ ነገር ካየሁ እግሬ አላልፍ ይለኛል። አውቶቡስ ተራ ተወልዶ ያደገ ሰው ለግፊያና ለጩኸት አዲስ አይደለማ! ታዲያ ብዕሬን ከማንሳቴ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሳነበው የእናንተ ጥያቄና የደብዳቤው ነገር አንድ ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ ላይ እንጨርሳቸው።

ጸሐፊው የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 26። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ነበር፤ አሁን እዚያው አውቶቡስ ተራ ትኬት ይቆርጣል። እንዲህ ይላል፦

‹‹እህቴ፣ እጮኛ አለችኝ። ለጥር ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። በፋሲካ ማግስት አንድ መዝናኛ ቦታ ወሰድኳት። እዚያ በመርከብ መልክ የተሠራች፣ ወደፊትና ወደኋላ የምትወነጨፍ መጫወቻ አለች። ‹እንውጣ› አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ‹ፈራህ እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝና ብቻዋን ወጣች። ከማታውቀው ወንድ አጠገብ ተቀምጣ ስትጮህና ስትስቅ ቆሜ አየሁ። ስትወርድ ‹ጨዋ ሴት እንዲህ አትጮህም፣ አንቺ ዱርዬ ነሽ› አልኳት። ይኸው ወር ሊሞላን ነው፣ አንነጋገርም። ጓደኞቼ ‹ከአሁኑ ካልሰማችህ ነገ ምን ልትሆን ነው?› ይሉኛል። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መውደዷ ምን ይባላል?››

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ መልሱ ቀላል ነበር። ከፊርማው በታች ግን በቀጭኑ ይህን ጨምሮበታል፦ ‹‹አንድ ነገር ማንም አያውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት የምሠራበት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። እኔ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሆዴ ብድግ ሲልብኝ ላብ ያጠምቀኛል። ረዳትነቱን የተውኩት ለዚህ ነው። እሷ ግን ገቢው አንሶኝ ይመስላታል።››

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለጠየቅከው ልመልስ። በዚህ ጉዳይ እኔን ዳኛ ማድረግ ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው። እዚያ ላይ ወጥቶ የማይጮህ ሰው ገንዘቡን ነው ያባከነው። ጩኸቱ ከትኬቱ ጋር አብሮ የተሸጠ ነው። ከጎኗ የተቀመጠውንም ልጅ ተወው። ሆዱ ጉሮሮው የደረሰ ሰው ለማሽኮርመም አቅም የለውም። ጓደኞችህን በተመለከተ ደግሞ፣ ለትዳር መለኪያው ታዛዥነት ነው ያላቸው ማነው?

አሁን ወደ ቁምነገሩ እንግባ። ለመሆኑ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈራው ለምንድነው?

ነገሩ የቆየ ነው። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ሩሲያውያን በብርድ ወራት ከእንጨት ኮረብታ ሠርተው፣ ውኃ እያፈሰሱበት በረዶ ሲሆን ይንሸራተቱበት ነበር። ዛሬ ሮለር ኮስተር የምንለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። የሚገርመው፣ ፈረንሳዮች ‹የሩሲያ ተራራ› ሲሉት ሩሲያውያን ደግሞ ‹የአሜሪካ ኮረብታ› ይሉታል። ማንም የእኔ ነው አላለውም! እ.ኤ.አ. በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ በሐዲድ የሚሄድ ሠርቶ ሰው በ5 ሳንቲም አሳፈረ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከመርካቶ ጋሪ ብዙም አይሻልም። ዛሬ አቡዳቢ ፌራሪ ወርልድ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይወነጨፋል። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን አይታችሁት ይሆናል።

ብዙ ሰው ሮለር ኮስተር በሞተር የሚበር ይመስለዋል። የድሮው ዓይነት ግን ሞተሩ የሚሠራው ዳገቱ ላይ ነው። በሰንሰለት ጎትቶ ጫፍ ያደርሰውና ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ የሚወስደው የራሱ ክብደት ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዳገት ከሁሉም የሚበልጠው፤ ቀጥሎ ያለው ከዚያ ከበለጠ መሀል መንገድ ይቀራል። ይህን ፊዚክስ የኛ ሰፈር ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። በኩሽኔታ ቁልቁል ያልተለቀቀ ማን አለ? አራት አሮጌ ኩሽኔታ፣ አንድ ጣውላ፣ አንድ ገመድ... ፍሬኑ የጫማ ሶል! እናቶቻችን በጫማው ማለቅ ነበር የሚያውቁብን።

በኩሽኔታና በሮለር ኮስተር መሀል ያለው ልዩነት ታዲያ ምንድነው? አንዲት ጎማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1919 ጆን ሚለር የተባለ መሐንዲስ ከሐዲዱ በታች የሚገባ ጎማ ፈጠረ። ከላይ አንድ ጎማ፣ ከጎን አንድ፣ ከታች አንድ ሆነው ሐዲዱን ይነክሱታል። ቢፈልግም መነቀል አይችልም። ሰዎቹ ድፍረት የጨመሩት፣ ዳገቱንም ያስረዘሙት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጫወቻ ሕጉ ይቺ ናት፦ ፍርሃቱ የውሸት፣ መያዣው የእውነት። ሆድህ ‹ሞትኩ› ይላል፣ ጭንቅላትህ ‹ምንም አትሆንም› ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ሳቅ ይመጣል። ጨዋታው ይኸው ነው።

መንገዳችን ላይ ግን ይህ ሕግ ይገለበጣል። ከአውቶቡስ ተራ ማልዶ ተነስቶ ወደ ጎጃም የሄደ ሰው አባይ በረሃን ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ጠመዝማዛውን ላየው ከየትኛውም ዓለም መጫወቻ አያንስም። ነገር ግን ደጀን ሲደርስ ‹አንድ ዙር ድገሙኝ› ያለ መንገደኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተመስገን ነው የሚለው። እዚያ ፍርሃቱ የእውነት ነው፤ መያዣው ደግሞ የሹፌሩ እጅና የፍሬኑ ነገር ነው።

ወንድሜ፣ አሁን ያንተ ነገር ገባኝ። አንተ ያንን ቁልቁለት በጨዋታ አይደለም ያየኸው። መርከቧ ወደ ኋላ ስትወነጨፍ እጮኛህ ጨዋታ አየች፤ አንተ ያየኸው ግን ያንን ቀን ነው። ሁለታችሁም የቆማችሁት አንድ ግቢ ውስጥ ነው፣ ያያችሁት ግን አንድ ነገር አይደለም። የውሸት ፍርሃት የሚያስቀው የእውነቱ ከሰውነቱ የወጣለትን ሰው ነው። አልወጣም ማለትህ ፈሪነት አይደለም። ስህተቱ አለመውጣትህ ሳይሆን የራስህን ፍርሃት በእሷ ስም መጥራትህ ነው። ‹ፈራሁ› ማለት ሲያቅትህ ‹ዱርዬ› አልካት።

ወደ ምክሩ ከመመለሴ በፊት ለሌሎቻችሁ ጥያቄ መልስ ልስጥ። እጮኛሞቹንም ይጠቅማቸዋል።

እኔ አንድ መጫወቻ ላይ ከመውጣቴ በፊት ቆሜ አንድ ዙር አያለሁ። የማየው ማሽኑን ሳይሆን አስጫዋቹን ነው። የእያንዳንዱን ሰው መያዣ በእጁ እየነቀነቀ ካልፈተሸ ትኬቱ በነፃ ቢሆንም አልወጣም። ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃን መጥቶ ሲመልሰው፣ እናቱም ስትቆጣው ዝም ብሎ ከቻላት፣ ያ ሰው የታመነ ነው። ‹መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል?› ብዬ እጠይቃለሁ። ‹ጄኔሬተር አለ፣ በእጅም ይወርዳል› ካለኝ ጥሩ፤ ‹ኧረ አይሄድም› ካለኝ ቻው። ስልክ እያወራ የሚያሽከረክረውን ደግሞ ሹፌር ቢሆን አትሳፈሩበትም ነበርና እዚህም አትሳፈሩበት። ክትፎውንም ከጨዋታው በኋላ አድርጉት፤ ምክንያቱን አላብራራም።

አካባቢን በተመለከተ፣ ሰው ሠራሽ ውበት ብቻ አያረካኝም። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ካሊፎርኒያ ላይ ዲዝኒላንድን ሲከፍት ዙሪያውን በአፈር ክምር ከልሎት ነበር። ለምን ቢሉ፣ የገባው ሰው የውጭውን መንገድና ቤት አይቶ ከተረቱ እንዳይነቃ ነው። መግቢያው ላይ የሠራው ጎዳና ደግሞ በልጅነቱ የሚያውቃትን ዓይነት ትንሽ ከተማ ነው። የሚደነቀውም ይኸው ነው፦ ቦታው አንድ ታሪክ ይዞ ከበር እስከ በር ይናገራል። የፕላስቲክ አበባ ሰቅሎ፣ በልብ ቅርፅ ፍሬም ገትሮ ‹መዝናኛ› የሚል ግን ፎቶ ቤት እንጂ መዝናኛ አይደለም።

ከኛ ከተማ በዚህ በኩል አንደኛ የምለው አንድነት ፓርክን ነው። መስከረም 2012 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ፓርክ ያለው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ዲዝኒ ቤተ መንግሥቱን መሥራት ነበረበት፤ እኛ ግን የእውነቱን ነው ጠርገን የከፈትነው። አዳራሾቹ ውስጥ ስትቆሙ ማንም ተረት አይነግራችሁም፤ ታሪኩ እዚያው ነው የተሠራው። መወንጨፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ አለ። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚኬድበት ዚፕላይንና የፈረስ ግልቢያ ይገኝበታል። ቦታው ከባሕር ጠለል 3 ሺህ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጃኬት ያልያዘ ወንድ የእጮኛውን ሻርፕ ሲለምን ይውላል። ከሁሉ የምወደው እዚያ ያለውን ነፃ መጫወቻ ነው፦ ዛፉን ተደግፎ ከተማውን ቁልቁል ማየት። የኛን የቆርቆሮ ጣሪያ ለመለየት መሞከር ራሱ አንድ ጨዋታ ነው።

ለነገሩ ታሪክ ያለው ቦታ ካላችሁ ከመርካቶ የሚበልጥ የት አለ? በርበሬ ተራ ሳታነጥሱ አታልፉም። ምናለሽ ተራ መዶሻው ሙዚቃ ነው። አውቶቡስ ተራ የአገሩ ስም በሙሉ ሲጠራ ትሰማላችሁ። አንድ ፈረንጅ አጥር ቢያጥርበት ትኬት ይቆርጥበት ነበር። ደግነቱ ገና አላጠረውም።

አሁን ወደ ወንድማችን ልመለስ።

በመጀመሪያ፣ ሽማግሌ አትላክ፣ ጓደኛም አትላክ። ራስህ ሂድ። ‹ዱርዬ› ያልከውን ቃል ያለ ‹ነገር ግን› አንሳው። ‹ይቅርታ፣ ነገር ግን አንቺም...› ያለ ሰው ይቅርታ አልጠየቀም፣ ክርክር ነው የቀጠለው።

ሁለተኛ፣ ከፊርማህ በታች የጻፍከውን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት። በጥር የምታገባት ሴት ሌሊት በላብ ተጠምቀህ ስትነቃ አጠገብህ ነው የምትሆነው። ያኔ ከምታውቀው አሁን ትወቀው። ‹ፈራህ እንዴ?› ብላ የሳቀችው ስላላወቀች ነው። አውቃ ከሳቀች ያን ጊዜ እንደገና ጻፍልኝ፣ ሌላ እንነጋገራለን።

ሦስተኛ፣ ይቺ ከበድ ትላለች። አደጋ አይቶ የተረፈ ሰው ሰውነቱ ያንን ቀን ይዞት ሊቀር ይችላል። ላቡ፣ የልብ ምቱ፣ ከመኪና መሸሹ፣ ሁሉም ከዚያ ይመጣል። በሽታነቱ የታወቀ ነው፤ በንግግርም ሆነ በመድኃኒት ይታከማል። ከሰፈራችን አማኑኤል ሆስፒታል ብዙ አይርቅም። አውቃለሁ፣ በኛ ሰፈር ‹አማኑኤል› ማለት ስድብ ነው። ልጅ ሆነን ስንሰዳደብበት ነው ያደግነው። ነገር ግን እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ጋ ሲሄድ ማን ይስቃል? አንተም የተሰበረ ነገር አለህ፤ የሚታይ ስላልሆነ ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ ወሬ ይሮጣል ብለህ ከፈራህ ሌላ ሆስፒታልም ሄደህ የአእምሮ ሐኪም ጠይቅ። ብቻ ሂድ።

መርከቧን በተመለከተ፣ ለማንም ብለህ እንዳትወጣ። ‹ወንድነቴን ላሳይ› ብሎ የወጣ ሰው ጨዋታ አይደለም የሚያየው። አንድ ቀን ከሐኪም ጋር ተመካክረህ ደስ ካለህ ቀስ ከሚለው ጀምር። ክብ ሠርቶ ቀስ ብሎ የሚወጣውና የሚወርደው ትልቁ ጎማ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ የቆመው የፌሪስ ጎማ 80 ሜትር ያህል ከፍታ ኖሮት ከ2 ሺህ በላይ ሰው በአንዴ ይዞ ይዞር ነበር። ሰው ተነጋግሮ፣ ተያይቶ የሚወርድበት ነው። ደስ ካላለህ ደግሞ ቅርብህ። ቦርሳና ጫማ ይዞ ከታች የሚጠብቅም ሰው ያስፈልጋል። እኔ ስጮህ ቦርሳዬን የምትይዝልኝ ጓደኛዬ በሕይወቷ አንድም ቀን አልወጣችም፤ ስወርድ መጀመሪያ የምፈልገው ግን እሷን ነው።

እንግዲህ እጮኛህ ለሦስት ደቂቃ ሄዳ ተመልሳ ወርዳለች። አንተ ወር ሙሉ አልወረድክም። ውረድና አናግራት።

ውጤቱን ጻፍልኝ። የጥሩን ሠርግ ጥሪ ግን አትርሳ፤ አውቶቡስ ተራ ነው ያለሁት፣ ሩቅ አይደለም። ለሌሎቻችሁም ቸር ይግጠመን፣ ሳምንት እንገናኝ!