የእትዬን ጠብታ ለቡቺ?

የዛሬው ደብዳቤ ከኢሉባቦር፣ ከኖፓ ነው። ጸሐፊዋ ወጣት ናት። አፍንጫዋ ደፍጠጥ፣ ዓይኗ ፍጥጥ ያለ ትንሽ ውሻ ከአዲስ አበባ መጥታላታለች። «ከትናንት ጀምሮ አንድ ዓይኗን ጨፍና እንባዋ ይወርዳል። ጎረቤታችን እትዬ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው የተረፋቸውን ጠብታ ሰጡኝ። ሌሎች ደግሞ ጨው በጥብጠሽ እጠቢያት ይሉኛል። የቱን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም!... አታድርጊ ማለቴ ነው።

ውሻ እንደኛ ሆድ ብሷት አታለቅስም። ጨፍና የምታነባው ሲያማት ነው። እነ ፔኪኒዝ፣ እነ ሺትዙ አፍንጫቸው ስላጠረ ዓይናቸው ወጣ ያለ ነው። ሣር ይወጋዋል፣ ድመት ትቧጭረዋለች፣ የገዛ ፀጉራቸው እንኳ ይፈትገዋል። እንዲህ ሲሆን ከዓይኑ ፊት ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን ይቆስላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሰው የሚታዘዙት ጠብታዎች ደግሞ ብዙዎቹ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን አለባቸው። መቅላቱን ቶሎ ጸጥ ያደርጉታል፤ አንቺም «እሰይ ተሻላት» ትያለሽ። ቁስሉ ግን እንዳይድን ያደርጉታል፤ ብሶበት ዓይኑ እስኪበሳ ሊደርስ ይችላል! ቴትራሳይክሊን ቅባት እንኳ ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪሙ ራሱ ሊያዝላት ይችላል። እሱም ቢሆን ዓይኗ ከታየ በኋላ ነው።

ለጊዜው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በንጹሕ ጥጥ ዙሪያውን ጥረጊላት። እንዳትፍቀው ካርቶን ቆርጠሽ አንገቷ ላይ እንደ ጃንጥላ አድርጊላት። ከዚያ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ክሊኒክ! የወረዳው ካልሆነ መቱ ውጪ። ከብትና በግ ነው የለመዱት ብለሽ አትተዪ፣ የዓይን ቁስል ያው ቁስል ነው። ሐኪሙ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ሲያየው የቆሰለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የጃንሆይ ሉሉ ብትሆን ሐኪሙ ራሱ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር፣ ምን ይደረግ!

ሌሎቻችሁም ትንንሽ ውሻ ያላችሁ፣ ከዓይኑ ጥግ የበሰለ እሸት ቡና የመሰለ ቀይ እብጠት ብቅ ካለ ቆርጣችሁ እንዳትጥሉት። እንባ የሚያመነጭ ዕጢ ነው፤ ከወጣ ዓይኑ እየደረቀ ይሄዳል። ሐኪም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ዓይኑ ራሱ ከጉድጓዱ ከወጣ ደግሞ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሩጡ፣ ሰዓታት ናቸው የሚወስኑት። ነጭ ውሻ ከዓይኗ ሥር ቡናማ መስመር ቢኖራት ግን ብዙ ጊዜ የመልክ ነገር ነው፣ እንቅልፍ አያሳጣችሁ።

ወደ ኖፓዋ ልመለስ፦ ውሻሽ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች? ካልወሰደችና ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ጠባይዋም የተለወጠ ከሆነ ፊቷን እንዳትነኪ። ዘግተሽባት ሐኪሙን ጥሪ።

ጠብታውን ለእትዬ ስትመልሺ ደግሞ ከተከፈተ ወር ካለፈው እሳቸውም እንዳይጠቀሙበት ንገሪልኝ።